ማሽኔ ከታች ክር ያድቦለብላል፣ ቦቢን ኬዙን ቀይሬም አልተስተካከለም

ማሂ ከጎላ

ሰላም ቤተሰብ። ስፌት የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ፣ በጣም ጨንቆኛል።

ማሽኑ የእናቴ ነው። ጥቁሩ፣ ባለ ፔዳሉ። ልጅ ሆነን ከሥሩ ገብተን ፔዳሉን በእጃችን እየገፋን የምንጫወትበት። እናቴ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ 6 ዓመት ሙሉ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። የዛሬ 3 ሳምንት ጎላ ሚካኤል ጀርባ ወደተከራየኋት ክፍል አመጣሁት። ጠራረግኩት፣ በየቀዳዳው ዘይት አጠጣሁት፣ ቺንጋውን አስቀየርኩና ጀመርኩ።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ስፌቱ ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል፣ ስገለብጠው ግን ክሩ ከሥር ቀለበት ቀለበት እየሠራ ተንዘላዝሎ ነው የማገኘው። አንዳንዴ ጭራሽ ይድቦለበልና ጨርቁን ይዞ ወደ መርፌው ቀዳዳ ይገባል። በመቀስ ቆርጬ ነው የማላቅቀው። ትናንት ማታ አንድ የሽፎን ቁራጭ እንደዚህ ሆኖ ተበላሸብኝ። ሁለተኛው ደግሞ ይዘላል። በተለይ ሳብ ሳብ በሚል ጨርቅ ላይ 5፣ 6 ስፌት በደንብ ይሄድና አንዱን ይዘላል፣ እንደገና ይሄዳል፣ እንደገና ይዘላል።

ባለሙያ ጠርቼ ነበር። መጀመሪያ የቦቢን ኬዟን፣ የታችኛው ክር የተጠቀለለበት ቦቢን የሚገባባትን ቤት፣ ቪቴ አጠበቀ። አልሆነም። ከዚያ «ኬዙ አልቋል» ብሎ አዲስ ቀየረልኝ፣ 1,200 ብር ከፈልኩት። አንድ ቀን ደህና ሄደ፣ በማግስቱ ባሰበት። አሁን «ታይሚንጉ፣ ማለትም መርፌውና ከሥር ያለው ብረት የሚገናኙበት ጊዜ ነው የተዛባው፣ ወስጄ ሙሉ በሙሉ መፍታት አለብኝ» ይላል። የናቴን ማሽን ተፈትቶ ማየት አልፈልግም፣ በዚያ ላይ ጊዜም የለኝም። ለዳግማይ ትንሣኤ ሰርግ የ4 ሚዜ ቀሚስ ተቀብያለሁ፣ ሽፎን ሆኖ ገበር ያለው። ቀብድም በልቻለሁ። ምን ላድርግ?

ሳሚ ስታዲየም

ከታች ከሆነ የሚበላሸው ችግሩም ከታች ነው። ቦቢን ኬዟ ላይ ያለችውን ትንሿን ቪቴ በደንብ አጥብቂያት። እኔ ቤት እንደዚያ አድርገን ለጊዜው ተስተካክሎልናል።

ጋሽ መቀስ (ተክለሃይማኖት)

ማሂ ልጄ፣ አይዞሽ። ማሽንሽ ምንም አልሆነም። ሳሚ፣ አንተም በቅንነት ነው የመለስክላት፣ ግን ይሄ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። 30 ዓመት በላይ ከማሽን ጋር ኖሬያለሁና ታገሱኝ።

ከሥር የምታዪው ቀለበት የየትኛው ክር ነው? የላይኛው ነው። ለማረጋገጥ ከላይ ነጭ፣ ከታች ቀይ ክር አድርጊና በቁራጭ ጨርቅ ላይ ስፊ። ጨርቁን ስትገለብጪው ተንዘላዝሎ የምታገኚው ነጩን ነው። ቀዩ ቀጥ ብሎ እንደ መስመር ተኝቶ ታዪዋለሽ።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ልንገርሽ። መርፌው የላይኛውን ክር ይዞ ይወርዳል። ከሥር ያለው ግማሽ ጨረቃ የሚመስለው ብረት በጫፉ ይጠልፈውና በቦቢኑ ዙሪያ አዙሮ ይለቀዋል። ከዚያ ፊት ለፊትሽ ወደላይ ወደታች የሚለው ክንድ ያንን የተረፈ ክር ስቦ ወደ ጨርቁ ይመልሰዋል፣ ስፌቱ የሚጠብቀው ያኔ ነው። ታዲያ ክንዱ ሲስብ ክሩ በሁለቱ ክብ ሳህኖች መሀል ጠበቅ ብሎ መያዝ አለበት፣ ቴንሽን የምንለው እሱን ነው። ካልተያዘስ? ክንዱ ከሥር ያለውን ትርፍ መሳብ ትቶ ከጥቅሉ ላይ አዲስ ክር ይስባል፣ ይሄኛው ይቀለዋላ። ትርፉ እዚያው ከሥር ይቀራል። በየስፌቱ ትንሽ ትንሽ ሲቀር ይጠራቀምና ይድቦለበላል። የሚታየው ከታች ነው፣ ጥፋቱ ግን ከላይ ነው። የታችኛዋን ቪቴ ብታጠብቂው ደግሞ የታችኛው ክር ይብስ ይገተራል፣ የላይኛውንም የበለጠ ወደ ታች ይጎትተዋል። ያ ሰውዬ ሲያጠብቀው ያልሆነለት ለዚህ ነው።

አሁን ይሄን አድርጊልኝ። የላይኛውን ክር ሙሉ በሙሉ አውጪው። ጨርቅ የሚጫነውን እግር ወደ ላይ አንሺው። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ እግሩ ሲነሳ ሳህኖቹ ይላቀቃሉ፣ ሲወርድ ይጣበቃሉ። እግሩ ወርዶ ሳለ ክር ካስገባሽ ክሩ በመሀላቸው ሳይገባ በጠርዛቸው ላይ ነው የሚያልፈው። እግሩን አንስተሽ ክሩን እንደገና አስገቢ፣ በክንዱ ቀዳዳ ማለፉንም እይ። መርፌው ውስጥ ሳታስገቢው በፊት በእጅሽ ሳብ አድርጊው። እግሩ ተነስቶ እያለ ክሩ እንደልቡ መምጣት አለበት። እግሩን አውርደሽ ስትስቢው ደግሞ እምቢ ማለት አለበት። ሁለቱም ላይ እኩል የሚመጣልሽ ከሆነ በሳህኖቹ መሀል የሆነ ነገር ገብቷል፣ ወይ ደግሞ ሳህኖቹን የሚያላቅቃት ቀጭን ብረት ተጣብቃ ቀርታለች ማለት ነው።

ይሄን አድርገሽ ንገሪኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ዘይት ስታጠጪው የት የት ነው ያደረግሽው? ዘይቱስ ምንድን ነው?

ማሂ ከጎላ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እንደዚህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው የለም። ዘይቱ የሲንጀር ዘይት ነው፣ ትንሿ ጠርሙስ። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ሳህኖቹም መሀል አጠጥቻለሁ። ዝገት ነገር አይቼባቸው ነው። ሞክሬ እመለሳለሁ።

ህይወት ዘካዛንቺስ

ማሂዬ፣ ጋሼ ያሉሽን አድርጊ፣ ልክ ናቸው። እኔ ስለ መዝለሉ ልጨምርልሽ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።

መርፌሽን አውጪውና አገላብጠሽ እይው። ላይኛው ወፍራሙ ክፍል አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው ወይስ ዙሪያውን ክብ? የቤት ማሽን መርፌ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፣ ፓኬቱ ላይ ኤችኤ ኤክስ 1 ወይም 130/705 ኤች ይላል። የፋብሪካው ማሽን መርፌ ዙሪያውን ክብ ነው፣ ዲቢ ኤክስ 1 ይላል። ወገቡም ቀጠን ይላል። ችግሩ ያኛውም የቤት ማሽን ላይ ይገባል! ቪቴውን ስታጠብቂው ይያዛል፣ ይሰፋልም። ግን ወደ አንድ ጎን ተጠግቶ ነው የሚቆመው፣ ትንሽም ሊዞር ይችላል፣ ስለዚህ ከሥር ያለው ብረት ክሩን አንዴ ያገኘዋል አንዴ ይስተዋል። እኔ ራሴ አንድ ሱቅ «ለሁሉም ማሽን ይሆናል» ብለው ሸጠውልኝ ሁለት ሳምንት ተሰቃይቻለሁ።

የመርፌው አቅጣጫም አለ። መርፌው ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ረጅም ቦይ አለው፣ በጥፍርሽ ብትዳስሺው ይሰማሻል። ቦዩ ክሩ በሚገባበት በኩል መሆን አለበት፣ ጠፍጣፋው ጎን በሌላኛው። አንዳንዱ ማሽን ክሩ ከግራ ይገባል፣ አንዳንዱ ከቀኝ፣ ስለዚህ የሌላ ሰው ማሽን አይተሽ አታድርጊ። መርፌው እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ገፍተሽ ነው የምታጠብቂው። አንድ ሚሊሜትር እንኳ ዝቅ ካለ ይዘላል።

ሳብ ሳብ ለሚለው ጨርቅ ተራ መርፌ አይሆንም። ጫፉ ድቡል ያለ፣ ፓኬቱ ላይ ስትሬች ወይም ጀርሲ የሚል ግዢ። የሾለው መርፌ ክሩን ይወጋዋል፣ ድቡሉ ግን በክሮቹ መሀል ገፋ አድርጎ ያልፋል። ለሽፎኑ ደግሞ 65/9 ወይም 70/10 አዲስ መርፌ። ለገበሩ 80/12 ይበቃሻል። መርፌ ርካሽ ነገር ነው፣ 8 ሰዓት ያህል ከሰፋሽበት ቀይሪው። ሰው ማሽን ይቀይራል እንጂ መርፌ አይቀይርም፣ ይሄ ሁሌ ያናድደኛል።

ሽፎኑ ወደ ቀዳዳው እንዳይገባብሽ፣ ስትጀምሪ ከጫፉ አትጀምሪ፣ ትንሽ ገባ ብለሽ። የላይኛውንና የታችኛውን ክር ጫፍ ሁለቱንም በግራ እጅሽ ወደ ኋላ ይዘሽ 3፣ 4 ስፌት እስኪሄድ አትልቀቂ። ከሥሩም ስስ ወረቀት አድርጊበት። እኔ የልጆች ደብተር ላይ የሚለበደውን ስስ ወረቀት ነው የምጠቀመው፣ ከተሰፋ በኋላ ቀስ ብለሽ ስትቀጂው ይለቃል። ጨርቁን ደግሞ ከኋላ አትጎትቺው። ሽፎን ሲንሸራተት እጅ ሳይታወቅ ይጎትታል፣ መርፌው ይጎብጥና ብረቱን ይመታል።

ካዛንቺስ በ2017 እስክንነሳ ድረስ 11 ዓመት ሚዜ ስሰፋ ነው የኖርኩት፣ አሁን አራት ኪሎ ከጓደኛዬ ጋር ነኝ። ከጠበበሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ አንዱን ቀሚስ አግዝሻለሁ። በነጻ።

ብሩክ ጥገና (መርካቶ)

ጋሼ እና ህይወት ብዙውን ጨርሰውታል። ስለ ታይሚንግ ብቻ ልናገር፣ ሥራዬ ስለሆነ።

እንዳንቺ ያለው ማሽን ላይ ታይሚንግ ዝም ብሎ በራሱ አይዛባም። ከላይ ወደ ታች የሚያገናኘው ሁሉ ብረት ለብረት ነው፣ የሚለጠጥ ነገር የለውም። የሚዛባው መርፌው ብረት ሲመታ ነው። ያኔ መርፌውን የያዘው ዘንግ ከማሰሪያው ትንሽ ወደ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ ራስሽ አረጋግጪ። መርፌው የሚገባበት ቀዳዳ ያለበትን ብረት በካቻቢቴ ፍቺው። በማሽኑ ቀኝ ጎን ያለውን ጎማ በእጅሽ ቀስ ብለሽ ወደራስሽ አዙሪ። መርፌው እስከ ታች ወርዶ መነሳት ሲጀምር፣ 2 ሚሊሜትር ያህል ሲነሳ፣ የግማሽ ጨረቃው ሹል ጫፍ ከመርፌው ዓይን ትንሽ ከፍ ብሎ፣ መርፌውን ሊነካው ምንም ሳይቀረው ማለፍ አለበት። እንደዚያ ካለፈ ታይሚንግሽ ደህና ነው፣ ማንም እንዳይፈታብሽ። ከዓይኑ ዝቅ ብሎ ካለፈ ወይም ከራቀ ያኔ ጻፊልኝ።

ብረቱን ከፈታሽ አይቀር ጨርቁን የሚገፉት ጥርሶች መሀል ያለውን ብናኝ በጥርስ ብሩሽ አውጪው። 6 ዓመት የቆመ ማሽን ላይ እንደ ጨርቅ ተጋግሮ ነው የሚገኘው። በአፍሽ አትንፊው፣ እርጥበቱ ያዝገዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ከነከነኝ። ሰውየው ከአዲሱ ኬዝ ጋር ቦቢንም ሰጥቶሽ ከሆነ ከድሮው ጋር ጎን ለጎን አቁመሽ አወዳድሪው። ያንቺ ማሽን ቦቢን ቁመቱ 11 ሚሊሜትር ከምናምን ነው። የፋብሪካው 9 ገደማ ነው፣ በዓይን ይታወቃል። አጭሩን ከከተትሽበት ውስጥ እየተንገጫገጨ አንዴ ያጠብቃል አንዴ ያላላል።

የአሚር እናት

ይቅርታ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ልጨምር። የኔ ክር ይበጥሳል። የላይኛው። መርፌ ቀይሬያለሁ፣ ቴንሽኑንም አላልቼዋለሁ። አዲስ ነው ማሽኑ፣ ባለ ሞተር።

ብሩክ ጥገና (መርካቶ)

የአሚር እናት፣ መጀመሪያ ክሩን ጠርጥሪ። አንድ ክንድ ያህል ለክተሽ በሁለት እጅሽ ድንገት ሳብ አድርጊው። እንደ ጥጥ በቀላሉ ከተበጠሰ ክሩ አርጅቷል ወይም ፀሐይ መቶታል፣ መጣል ነው። ክሩ ደህና ከሆነ መርፌው የሚገባበትን ቀዳዳ ጠርዝ በናይለን ካልሲ ጥቅል አድርገሽ ዳብሺው። ካልሲውን ከያዘው ጠርዙ ተቧጥጧል፣ ክርሽን የሚበላው እሱ ነው። በጣም ደቃቅ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ይለሰልሳል። ካልሲው ካልያዘ መርፌሽ ለክሩ ቀጭን ሊሆን ይችላል፣ ቁጥሩን አንድ ከፍ አድርጊ።

ማሂ ከጎላ

ተመለስኩ። ሌሊቱን አልተኛሁም ግን ደስ ብሎኛል።

ጋሼ፣ እንዳሉኝ ክሩን አውጥቼ እግሩን እያነሳሁ እያወረድኩ ሳብኩት። ልዩነት የለውም፣ እኩል ይመጣል። ከዚያ እግሩን አንስቼ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ቀጭን አድርጌ ቀደድኩና በሳህኖቹ መሀል አስገብቼ ወዲያ ወዲህ ሳብኩት። ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ቀየርኩ። ሦስተኛው ላይ ከዘይትና ከብናኝ ጋር ተጣብቆ ጥፍር የምታክል ሰማያዊ ክር ወጣች። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰማያዊ። እናቴ በየነሐሴው የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። 6 ዓመት እዚያ ተቀምጣ ነበር ማለት ነው፣ እኔ ዘይት ሳጠጣው ነው መሰለኝ ተንቀሳቅሳ መሀል የገባችው።

ደግሜ ሞከርኩ። እግሩ ሲወርድ ክሩ እምቢ አለ። ነጭና ቀይ አድርጌ ስሰፋ ከሥር ቀለበት የለም፣ አንድም። ግን አሁን ከላይ ቀይ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ይታየኛል። ይሄስ?

መርፌው ክቡ ነበር። ዲቢ ኤክስ 1። ህይወትዬ ልክ ነሽ። ጠዋት ትክክለኛውን ገዛሁ፣ ባለ ስትሬቹንም ጨምሬ። ሳብ ሳብ የሚለው ላይ ሁለት ሜትር ሰፋሁ፣ አንድ አልዘለለም። ብሩክ፣ ጎማውን በእጄ አዙሬ አየሁት፣ ሹሉ ከዓይኑ ከፍ ብሎ ነው የሚያልፈው። ቦቢኑም ቁመቱ ከድሮው እኩል ነው። ሰውየው ደውሎ ነበር፣ አይፈታም አልኩት።

ጋሽ መቀስ (ተክለሃይማኖት)

ጎበዝ ልጄ! የታችኛው ቀይ ወደ ላይ ከመጣ አሁን የላይኛው ጠብቋል ማለት ነው። ሳህኖቹ ስላልያዙ ስትታገዪ የላዩን ማጥበቂያ አዙረሽው ይሆናል፣ አሁን መያዝ ሲጀምሩ በዛ። መጀመሪያ ግን ታቹን እናስተካክል፣ ያ ሰው ቪቴውን ነካክቶታልና። ቦቢኑን ኬዝ ውስጥ ከተሽ ክሩን በጣትሽ ይዘሽ አንጠልጥይው። በራሱ ተንሸራቶ ከወደቀ ላልቷል። ነቅነቅ ስታደርጊው እንኳ ንቅንቅ ካላለ ጠብቋል። መያዝ ያለበት ዝም ብሎ ተንጠልጥሎ፣ እጅሽን ነጠቅ ስታደርጊ ትንሽ ወርዶ ሲቆም ነው። ቪቴውን ስትነኪ የሰዓት ቆጣሪ በአምስት ደቂቃ የሚሄደውን ያህል ብቻ አዙሪ፣ ከዚያ እንደገና አንጠልጥይ። ከሥርሽ ነጭ ጨርቅ አንጥፊ፣ ያቺ ቪቴ ወልቃ ከወደቀች አትገኝም።

ታቹ ልክ ሲሆን ላዩን በትንሽ በትንሹ አላዪው፣ ቀዩ ከላይ እስኪጠፋ ድረስ። ሙከራሽን በራሱ በሽፎኑና በገበሩ ቁራጭ ላይ አድርጊው፣ በሌላ ጨርቅ ላይ ያስተካከልሽው ሽፎን ላይ ሲደርስ ይጨማደዳል። የስፌቱን ርዝመት ከ2 እስከ 2 ተኩል ሚሊሜትር አድርጊ።

ሳሚ ስታዲየም

ጋሼ አመሰግናለሁ። እኛ ቤትም ለካ ሁሌ እየተመለሰ የሚያስቸግረን ለዚህ ነው። ዛሬ ማታ የእህቴን ማሽን ሳህኖች እጠርጋለሁ።

ማሂ ከጎላ

ጋሼ፣ ተንጠለጠለች፣ ነጠቅ ሳደርግ ሁለት ጣት ያህል ወርዳ ቆመች። ቀዩም ጠፋ። ለእናቴ ደውዬ ስለ ሰማያዊው ክር ነገርኳት፣ «የማን ዩኒፎርም ነበር?» ብላ የልጆቹን ስም ትቆጥር ጀመር።

የመጀመሪያው ቀሚስ ገበሩ ተያይዟል። ህይወትዬ፣ ስስ ወረቀቱን የት ነው የምትገዢው? ነገ ሽፎኑን እጀምራለሁ።

ህይወት ዘካዛንቺስ

አራት ኪሎ ወረቀት የሚሸጡበት ሁሉ አለ። ግን አትግዢ፣ እኔ ጋ ግማሽ ጥቅል ተርፏል። ነገ ከቅዳሴ በኋላ በዚያ አልፋለሁ፣ ጎላ ስደርስ እደውልልሻለሁ።